የእምቦጩ ዘር ሞቷል ወይ? ለወረታው የገበሬዎች መሰባሰብ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 22

ትናንት ማታ አዘጋጆቹ ተሰብስበን ሥራ ተከፋፈልን። ግንቦት 4 ቀን የፎገራ፣ የሊቦ ከምከምና የደራ ገበሬዎች ከከተማው የጓሮ አትክልት አልሚዎች ጋር እዚህ ወረታ ይገናኛሉ። ኬሚካል የተዉ አሉ፤ ለመተው የሚያስቡ አሉ፤ የዘንድሮን ማዳበሪያ ገዝተው የከርሞው ከአሁኑ የጨነቃቸውም አሉ። ድንኳኑና ምሳው ለሌሎች ደረሰ። ለእኔ የደረሱኝ የብስባሹ፣ ማለትም የኮምፖስቱ፣ ጥግና የዘር ጠረጴዛው ናቸው።

አንድ ነገር ለምኜ ተፈቀደልኝ። እስካሁን በሄድኩባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ስለ ብስባሽ የተማርነው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን በፕሮጀክተር ነው። ፎቶ አይሸትም፤ አይሞቅም። ገበሬ አፈርን የሚያውቀው በእጁና በአፍንጫው ስለሆነ ፎቶውን አይቶ፣ አጨብጭቦ፣ አበሉን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህኛው ክምሩ ራሱ ይቅረብ አልኩ። ዕድሜያቸው የተለያየ ሦስት ክምሮች ይኑሩ፤ የመጣ ሰው መንሽ ይዞ ይክፈታቸው፤ እጁን ያስገባ። የበሰለ ብስባሽ ለማሳየት ሦስት ወር ያህል ስለሚያስፈልግ ሥራው ዛሬውኑ መጀመር አለበት።

የመጀመሪያውን ክምር ሐይቁን ከወረረው ተንሳፋፊ አረም፣ ከእምቦጭ እሠራዋለሁ። እዚህ ጣና ዳር ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ሳይነሳ የሚያልፍ ስብሰባ የለም። ሐይቁ በሰኔ 2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ሲገባ እንኳ አረሙ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ነበር። ሕዝቡ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅለዋል፤ ዳር ላይም ይከምረዋል። ከዚያስ? ክረምት ሲገባ ውሃው ሞልቶ የተከመረውን መልሶ ይወስደዋል። ለዚህች “ከዚያስ” አንድ መልስ ብናገኝላት ብዬ ነው የተነሳሁት። ለተሳታፊዎች 20 ማዳበሪያ የእምቦጭ ብስባሽ እንደሚታደልም ለአዘጋጆቹ ቃል ገብቻለሁ። ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው፤ ዩሪያው ካለቀም በኋላ ስሙ ከረጢቱ ላይ ቀርቷል።

ጥር 25

ከጎረቤቴና ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን ከተነቀለው ክምር ሁለት ጋሪ እምቦጭ አመጣን። አበባ የያዘውን እዚያው ትተናል። የጫንነውንም መንገድ ላይ እንዳይንጠባጠብ በሸራ ሸፍነነዋል፤ አንድ ቁራጭ ቦይ ውስጥ ብትወድቅ ለዚያ ቦይ ጦስ ናት። ግን ጥንቃቄያችን ሙሉ አይደለም። ዘሩ በመጠን ከጤፍ እምብዛም አይበልጥም፤ ከሥሩ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ቢመጣ ዓይን አይለየውም። ጭቃ ውስጥ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት መቆየት የሚችል ዘር ነው።

ለማንኛውም ብዬ 20 ኪሎ መዝኜ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ አሰጣሁት። ቀሪውን በገጀራ ከታትፈን ከመርነው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከ20 ነው። ከሥር አየር እንዲያስገባ የበቆሎ አገዳ አነጠፍን። በላዩ እምቦጭ፣ እበት፣ የሩዝ ገለፈት፣ ጥቂት አመድና አፈር እያልን ደረደርን።

ወረታ ላይ የማይጠፋ ነገር ቢኖር የሩዝ ገለፈት ነው። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው። ዛሬ የሩዝ መፈልፈያ ያለበት ግቢ ሁሉ በጎኑ የገለፈት ተራራ ቆሞለታል፤ ለሚወስድለት ሰው ባለቤቱ ያመሰግናል። የቸገረኝ እበቱ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ የግጦሽ ሜዳዋ ግን ወደ ሩዝ ማሳነት እየተለወጠ፣ ዳርቻውንም እምቦጭ እየወረሰው ከዓመት ዓመት ጠብቧል። የተገኘውም እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ከመንደራችን ጫፍ ካሉ አንዲት እናት 8 ባልዲ ገዛሁ። ሲሰፍሩልኝ፣ “ልጄ፣ የሳምንት እንጀራ መጋገሪያዬን ነው የምትወስጂብኝ” አሉኝ። ገንዘቡን ተቀበሉ፤ እኔን ግን ነገሩ እስካሁን ከነከነኝ።

ጥር 30

ክምሩ ይሸታል። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነው፤ ጎረቤት አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ጠይቆኛል። ከግብርና ባለሙያ ጓደኛዬ የተዋስኩት ባለ ረጅም ዘንግ ቴርሞሜትር መሐሉ ላይ ተተክሎ 31 አሳየ። በስድስተኛ ቀኑ ከ50 በላይ ሊሆን ይገባው ነበር።

እበት የሸጡልኝ እናት ከገበያ ሲመለሱ ሽታው ጠርቷቸው ገቡ። ቴርሞሜትሩን አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን መለስ አድርገው እጃቸውን እስከ ክንድ ሰደዱና እፍኝ አውጥተው ጨመቁት። ውሃው በጣቶቻቸው መሐል ወረደ። “ይኸ ክምርሽ ውሃ ጠጥቶ ተኝቷል። ይተንፍስ እንጂ!” አሉኝ።

ጣሪያ ላይ ያሰጣሁትን አውርጄ መዘንኩት። 20 ኪሎው 1 ኪሎ ከ700 ግራም ሆኗል። እምቦጭ አብላጫው ውሃ መሆኑን ከዚህ በፊትም አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን እጄ ያወቀው ዛሬ ነው። ክምሬ ውስጥ የጨመርኩት ጋሪ ሙሉ ውሃ ነበር ማለት ነው። ውሃው አየሩን አስወጣ፤ አየር የሚሹት ተህዋስያን ታፈኑ፤ ያለ አየር የሚኖሩት ተተኩና ሽታውን አመጡ።

የካቲት 4

ፈርሶ እንደገና ተሠራ። እምቦጩን በሙሉ አውጥተን አራት ቀን ለፀሐይ ሰጠነው፤ ከዚያ በድርብ ገለፈት ከመርነው። መሐሉ ላይ ሦስት የሸምበቆ ቱቦ አቁመናል፤ መተንፈሻ ናቸው። እርጥበቱን የለካነው እኒያ እናት ባሳዩኝ ዘዴ ነው። እፍኝ ሲጨመቅ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ጣል ካለ በቂ ነው፤ ጨርሶ ካልወጣ ይጠማል፤ ከፈሰሰ ይታፈናል። እበት አምስት ባልዲ ጨመርን። ይህንን የገዛሁት ደጁ ላይ ሦስት ላም ከሚያስር ሌላ ሰው ነው።

ገለፈቱ እንደ ጤፍ ጭድ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሲሊካ የሚባለው ድንጋይ መሰል ነገር ስላለበት ይደነድናል። ለምግብነት ሳይሆን ለአየር ብዬ ነው ያበዛሁት። እርጥብና ለስላሳ ከሆነው እምቦጭ ጋር ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው።

የካቲት 9

63 ዲግሪ! ጠዋት ሲከፈት እንደ ድስት ተነነ። ቴርሞሜትር ለሌለው ገበሬ የሚሆነውንም ዘዴ ጎን ለጎን እየሞከርኩ ነው። የወይራ በትር መሐሉ ድረስ ሰክቼ፣ አሥር ደቂቃ አቆይቼ፣ ነቅዬ በእጅ ጀርባ መንካት ነው። በ63 ዲግሪ በትሩ አያስይዝም። በ50 ያስይዛል ግን ያቃጥላል። ከ40 በታች ለብ ይላል፤ ያኔ መገልበጥ አለበት። ለመሰባሰቡ ቀን ስድስት በትር አዘጋጃለሁ።

የጎረቤቴ ትልቁ ልጅ ከእኔ በላይ ተደስቷል። ካየ ከነካ በኋላ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ “የእምቦጩስ ዘር ሞቷል?” መሐሉ ላይ ይሞታል ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ዘንጉን ወደ ዳር አዛውሬ ከላዩ አንድ ጣት ጥልቀት ላይ ለካሁ፤ 34። እኔም ዝም አልኩ፤ እሱም ዝም አለ።

የካቲት 17

የመጀመሪያ ግልበጣ። የውጩን ወደ ውስጥ፣ የውስጡን ወደ ውጭ። ለአራት ሰው ግማሽ ቀን የፈጀ ሥራ ነው። ነጭ የሻጋታ ክር መሐሉን ሸፍኖት ነበር፤ ያልለመደ ሰው ተበላሸ ይላል፤ ጥሩ ምልክት ነው።

መጋቢት 1

ሁለተኛው ግልበጣ ከታሰበበት ቀን ሰባት ቀን ዘገየ። የየካቲት 21 ማርያም፣ የ23ቱ ጊዮርጊስ፣ የ27ቱ መድኃኔዓለም ተደራረቡ፤ በመሐሉ ባሉት ቀናት ረዳቶቼ የሽንኩርት ነቀላ ነበረባቸው። በዓሉ መከበር አለበት፤ የሰው ጉልበትም የእኔ ብቻ አይደለም። ጥፋቱ የቀን መቁጠሪያውን ሳላይ መርሐ ግብር ያወጣሁት የእኔ ነው። ክምሩ በዚህ መሐል ወደ 38 ወርዶ ነበር። ውሃ አርከፍክፈን ስናገላብጠው በሦስተኛው ቀን ወደ 56 ተመለሰ።

መጋቢት 3

ሁለተኛው ክምር ተሠራ። ይህ ያለ እምቦጭ ነው፤ የጤፍ ጭድ፣ የጓያ ገለባ፣ የብሳና ቅጠል፣ እበትና አመድ። ጓያ ከአየር ናይትሮጅን የሚያስገባ የጥራጥሬ ዘር ስለሆነ ገለባው እበቱን ያግዛል። በሁለት ቀን 60 ገባ። እንደዚህ የሚታዘዝ ክምር ደስ ይላል፤ የሚጻፍበት ግን ብዙ የለም።

መጋቢት 19

የዘር ጠረጴዛውን ጀመርኩ። በየቀበሌው ለምናውቃቸው ሰዎች መልእክት ልከናል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ስኒ ዘር ይዞ ይምጣ፤ ከማን እንደወረሰው፣ ምን ዓይነት መሬት እንደሚወድ፣ ስንት ወር እንደሚፈጅ ይንገረን። የማይጽፍ ካለ እኛ እንጽፍለታለን። የሚሸጥ ነገር የለም፤ ስኒ የሰጠ ስኒ ይወስዳል።

ይህን ሐሳብ የጀመርነው እኛ አይደለንም። በ1970ዎቹ በድርቁ ዘመን ገበሬው ዘሩን እየበላ ሲጨርስ፣ ዶክተር መላኩ ወረደ በሚመሩት የዕፀዋት ዘር ማዕከል ውስጥ ባለሙያዎች የገበሬውን ዘር እየሰበሰቡ ያቆዩ፣ በኋላም ወደ ማሳው እንዲመለስ ያደረጉ ነበሩ። ለዚህ ሥራ ዶክተር መላኩ በፈረንጆቹ 1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለው ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ማዕከሉ ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። እኛ የምንዘረጋው አንድ ጠረጴዛ ነው፤ መንገዱ ግን የእሳቸው ነው።

መጋቢት 24

ሦስተኛ ግልበጣ። እምቦጩ ከአሁን ወዲያ እምቦጭ አይመስልም፤ ጥቁር፣ የሚፈረፈር፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ የጫካ አፈር የሚሸት ሆኗል። ገለፈቱ ግን እዚህም እዚያም ቢጫ ሆኖ ይታያል።

የሙቀት መዝገቤን ቆጠርኩ። ከ55 ዲግሪ በላይ የሆነባቸው ቀናት በጠቅላላው 9 ናቸው። በአሜሪካ የኦርጋኒክ ግብርና ደንብ ለእንዲህ ዓይነቱ የሚገላበጥ ረጅም ክምር ከ55 ዲግሪ በላይ 15 ቀንና አምስት ጊዜ ማገላበጥ ይጠየቃል። እኔ ሦስት ጊዜ ነው ያገላበጥኩት። ደንቡ የወጣው በዋናነት ለበሽታ ተህዋስያን ነው፤ ለእምቦጭ ዘር አይደለም። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ እያንዳንዱ እፍኝ ቢያንስ አንድ ጊዜ እሳቱ መሐል ማለፍ አለበት። የእኔ እያንዳንዱ እፍኝ አልፏል ብዬ መማል አልችልም።

ሚያዝያ 6

ልፈትነው ወሰንኩ። ስድስት የፕላስቲክ ሳፋ ገዛሁ። በሦስቱ ከክምሩ መሐል፣ በሁለቱ ከዳሩና ከላዩ የተወሰደ ብስባሽ፣ በስድስተኛው ብስባሽ ያልነካው የጓሮ አፈር አደረግሁ። ሁሉም ላይ ሁለት ጣት ያህል ውሃ አቁሜ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ በሚያገኘው ግድግዳ ሥር ደረደርኳቸው። እምቦጭ ለመብቀል ብርሃን፣ ሙቀትና ስስ ውሃ ይወዳል፤ ሚያዝያ ደግሞ ለእሱ ከዚህ የተሻለ ወር የለውም። በእያንዳንዱ ሳፋ ላይ ቁጥር በቀለም ጻፍኩ። ዶሮዎቹ እንዳይደርሱበት ወንፊት ሽቦ ለበሰ።

ሚያዝያ 12

ምንም የለም። ሁለተኛውን ክምር ወንፊት ላይ ሞከርኩት፤ ደርሷል ማለት ይቻላል።

ሚያዝያ 20

ሳፋ ቁጥር 5። ከዳር የተወሰደው ነው።

ጠዋት ውሃ ልሞላ ስጎነበስ ጭቃው ላይ ሦስት አረንጓዴ ክሮች አየሁ። መጀመሪያ ሣር መሰሉኝ። የእምቦጭ ቡቃያ ሲወጣ እንደ ትልቁ ክብ ቅጠልና ያበጠ አገዳ የለውም፤ ቅጠሉ ቀጭንና እንደ ጥብጣብ የረዘመ ነው። የልጄን ማጉሊያ መነጽር አምጥቼ አንዷን ከነሥሯ ብድግ አደረግኋት። ከሥሯ አንገት ላይ የተሰነጠቀው የዘር ቅርፊት ገና አልወደቀም፤ ቡኒ፣ በቁመቱ ስስ መስመሮች ያሉት፣ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጥ። መልሼ ተከልኳት። ሌሎቹን ሳፋዎች አንድ በአንድ አየሁ። ከመሐሉ በተወሰዱት በሦስቱ ውስጥ ምንም የለም። በአፈሩም የለም።

ለረጅም ጊዜ እዚያው ተቀመጥኩ። 20 ማዳበሪያ ቃል የገባሁበት ብስባሽ ነው። ሃያ ገበሬ ወደ ሃያ ማሳ ይወስደዋል፤ አብዛኛው ማሳ የሩዝ ማሳ ነው፤ የሩዝ ማሳ ደግሞ ውሃ የሚቆምበት ነው። ከእኔ ደጅ ወጥቶ ጉማራና ርብ በሚያጠጡት ሜዳ ላይ ዘር ሊሆን ይችል ነበር።

ሚያዝያ 22

ለአዘጋጆቹ ነገርኳቸው። የእምቦጩ ብስባሽ አንድ እፍኝ እንኳ ከግቢዬ አይወጣም። አንዱ ወንድማችን ተቆጣ፤ እንግዶቹ ስጦታ እንደሚያገኙ በየቀበሌው እንደተነገረ አስታወሰኝ። ልክ ነው፤ ተነግሯል። ሌላው ቁጣውን አብርዶ ከሁለተኛው ክምር ያለው ይታደል አለ። እሱ 11 ማዳበሪያ ይወጣዋል። ከዚያ ስለ ሳፋው ተነጋገርን። ይደበቅ ያለ አልነበረም፤ የት ይቀመጥ የሚለው ነበር ክርክሩ። እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም በፊት የሚታይበት ቦታ ይሁን አልኩ፤ ተስማሙ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ሦስተኛውን ክምር ከመርን። በመሰባሰቡ ቀን በሙቀቱ ላይ ይሆናል።

ግንቦት 4

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አልተኛሁም። የተሰበሰብነው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ዋርካ ሥር ነው። 86 ሰው መዝግበናል፤ 31ዱ ሴቶች። ከሩቅ ቀበሌዎች ሊመጡ የነበሩ አንዳንዶች መንገዱ ስላልፈቀደላቸው ቀርተዋል። ዘራቸውን ግን በመኪና ረዳት አስይዘው የላኩ ሁለት ሰዎች አሉ።

ሦስተኛው ክምር ሲከፈት ጭሱን ያዩ ሕፃናት ሸሹ። በትሮቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንድ የሽንኩርት ገበሬ በትሩን ጉንጩ ላይ አስጠግቶ “ይኸ ያለ እሳት ነው?” እያለ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ያለ እሳት ነው። ተህዋስያኑ ሲበሉ የሚወጣ ሙቀት ነው።

ሰው የተሰበሰበው ግን ሳፋው ላይ ነው። ሦስቱ ቡቃያዎች አድገው ስድስት ስድስት ቅጠል አውጥተዋል፤ የአንደኛዋ አገዳ ማበጥ ጀምሯል። ሐይቁ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ገና ከሩቅ አወቋት። አንድ የሊቦ ከምከም አባት፣ “እኛ ይህችን ለመንቀል ከብታችንን ያለ እረኛ ትተናል። አንቺ በሳፋ ታሳድጊያታለሽ?” አሉኝ። የሆነውን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው፤ ውሃ የጠጣውን ክምር፣ የዘገየውን ግልበጣ፣ 34 ያለውን ዳር። እየሰሙ ጎንበስ ብለው ቡቃያዋን አዩዋት። “እንግዲያው ዳር ዳሩ ነው የሚያመልጠው” አሉ። ከዚያ ለሌሎቹ ማስረዳት ጀመሩ፤ ከእኔ በተሻለ አስረዱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ቁጥር ስጠየቅ ብቻ መለስኩ። ከዚያ ሕዝብ ውስጥ አንድም ሰው በአዳራሽ ስብሰባ ላይ እንደማየው ሲያንቀላፋ አላየሁም።

ክርክሩ የነደደው ከምሳ በኋላ ነው። አንድ ወጣት ቆሞ ያለ ዩሪያ ሩዝ ይሆናል የሚል ካለ ማሳውን ያሳየኝ አለ። እኔ በአንድ ክረምት ማዳበሪያ ተዉ የሚል ምክር አልሰጥም፤ የተራበ መሬት በአንድ ዓመት አይጠግብም፤ ገበሬውም የሚበላው ያጣል። ይልቅስ በትግራይ የተደረገውን ነገርኩት። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ የዕፀዋት ሳይንቲስቶቹ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎችና ከግብርና ቢሮው ጋር ሆነው ብስባሽ፣ እርከንና የግጦሽ ክልከላ በአንድ ላይ ሲሠሩ ቆይተው፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ማዳበሪያ ካገኘው ጋር የሚስተካከል፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። ያ ግን የዓመታት ሥራ ነው፤ ውሃውና አፈሩ አብረው ተይዘው ነው። ኦርጋኒክ ግብርናን የሚመለከት አዋጅም አገራችን አላት፤ አዋጅ ቁጥር 488/1998። አብዛኛው የተሰበሰበ ሰው ዛሬ ነው የሰማው።

ወጣቱ አልተቀመጠም። “እበቱስ?” አለ። እዚህ ላይ እኒያ እናት ተነሱ። ነጠላቸውን አጣፉና ለሁሉም፣ “እበቱን ከምድጃ ሳታወጡ ማሳ ላይ አፍሱት አትበሉን። ማገዶ የለንም። መጀመሪያ ዛፍ ይተከል፣ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ይሰጠን፣ ያኔ እበቱን እኛው ተሸክመን እናመጣዋለን” አሉ። ግቢው ጸጥ አለ፤ ከዚያ ሴቶቹ እልል አሉ። ስለ ብስባሽ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙዎቹ “እበት ይጨመር” ብለው ያልፋሉ፤ እበቱ የማን እንጀራ መጋገሪያ እንደሆነ አይጠይቁም። ጥር 25 ቀን ከደጃቸው 8 ባልዲ የገዛሁባቸውን እናት እያየሁ ይህን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በሚቀጥለው መሰባሰብ የመጀመሪያው ርእስ ማገዶ እንዲሆን በእጅ ብልጫ ተወሰነ።

የንብ አናቢዎቹን ነገር አለመጻፍ አልችልም። አንዱ ሁለት ቀፎ እንደሞተበት፣ ጎረቤት ማሳ ላይ አበባ በፈነዳበት ሰዓት ጠዋት መድኃኒት እንደተረጨ ተናገረ። የረጨው ሰው እዚያው ነበር። ተነስቶ፣ “ሰዓቱ እንደሚለይ አላወቅሁም” አለ። ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ አመሻሽ ላይ ብቻ ሊረጭ ተስማሙ። እጅ ለእጅ ተያያዙ። መድኃኒቱ ጨርሶ ቢቀር እመርጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ይህን አግኝተናል።

የዘር ጠረጴዛው ላይ 44 ስኒ ተመዘገበ። የዳጉሳ ሰባት ዓይነት፣ ነጭና ቀይ ጤፍ፣ ጓያ፣ ሽምብራ፣ ኑግ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዱባ፣ ቅል። ከሁሉ መጨረሻ እኒያው እናት መጥተው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ውስጥ ጥቁር ዳጉሳ ነበር፤ ፍሬው የጭስ ሽታ አለው። ዘሩን የሚያኖሩት በቅል ውስጥ ነው፤ አፉን በእበትና በአመድ መርገው ከምድጃው በላይ ይሰቅሉታል። ጭሱ ነቀዙን ይከለክላል። ከአማታቸው የወረሱት ነው፤ አማታቸው ደግሞ ከእናታቸው። በስኒ ስሰፍር ቋጠሮው ውስጥ የቀረውን እፍኝ መልሰው ለመቋጠር ሲሉ አዩኝና፣ “ያዢው ልጄ፤ አንቺ ጋ ቢቀመጥ ይሻላል፣ የእኔ ቤት ቢቃጠል አንቺ ጋ ይገኛል” አሉኝ። ዘር በአንድ ቤት ብቻ እንደማይኖር ከእሳቸው የተሻለ ማንም አልነገረኝም።

11 ማዳበሪያ ብስባሽ ከሁለተኛው ክምር ታደለ። አልበቃም፤ ለግማሽ ለግማሽ የተካፈሉ አሉ። ስለ እምቦጩ ብስባሽ ቅሬታ ያቀረበ አንድም ሰው አልነበረም። ሳፋዋን ስለ አዩ ነው።

ግንቦት 6

ሦስቱን ቡቃያዎች ነቅዬ በፈላ ውሃ ጨረስኳቸው። የሁሉም ሳፋ ጭቃ ወደ ክምሩ መሐል ገብቷል። በሳፋዎቹ ላይ የተረፈውን ውሃም አፍልቼ ነው የደፋሁት፤ ወደ ቦይ የፈሰሰ ጠብታ የለም።

ግንቦት 14

የእምቦጩ ክምር ከስሩ ፈርሶ በአዲስ ጓያ ገለባ፣ በአዲስ እበትና በአዲስ እቅድ ተሠራ። እበቱን እኒያ እናት ናቸው የሰጡኝ፤ አልሸጡልኝም። በልዋጩ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሠርተንላቸዋል፤ ከአፈር፣ ከጭድና ከእበት። ገና እየደረቀ ነው፤ ትናንት ሲነኩት ጣታቸው ትንሽ ሰመጠ። በዚህ ሳምንት እንጀራ አይጋገርበትም።

በዚህኛው ዙር በክምሩ ላይ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው የጭድ ካባ አልብሰነዋል። ዳሩ ሙቀት እንዲያገኝ ነው። እያንዳንዱ ግልበጣ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይመዘገባል፤ አምስት ሳይሞላ ማንም አይነካውም። ከዚያ በኋላ እንደገና ሳፋ፤ በዚህ ጊዜ አሥር ሳፋ፣ ስምንቱ ከዳሩ። የሊቦ ከምከሙ አባት ሁለት ሳፋ በእሳቸው ደጅ እንዲቀመጥ ጠይቀዋል፤ የሐይቁ ዳር ፀሐይ ይበረታል ብለው ነው።

ግንቦት 20

መሐሉ 61፤ ከካባው ሥር ዳሩ 52። ባለፈው ጊዜ ዳሩ 34 ነበር። ሁለተኛው ግልበጣ የሚውለው ነገ ነው፤ ነገ ግን 21 ማርያም ናት። ልጆቹን አስጠርቻለሁ፤ ዛሬ ከፀሐይ መጥለቅ በፊት እናገላብጠዋለን።